ጾሙን ያጠበቀው አሰልጣኝ

ክብደት የቀነሰ ይፈጥናል የሚባለው ውሸት ነው። የተራበ ሰው ይቀላል እንጂ አይፈጥንም።

ይህን የተማርኩት በልጄ ነው። ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ከሚለማመዱ ሯጮች ጋር ትሮጥ ነበር፤ ክለብ የሚያስገባው የምርጫ ውድድር ፋሲካ ሳይደርስ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ የነፍስ አባታችን «አንቺ ሯጭ ነሽ፣ ጠዋት ቅመሽ» ብለው ፈቀዱላት። አሰልጣኟ ግን ከቄሱ ባሰ። «ሦስት ኪሎ ካልቀነስሽ ለምርጫው እንዳትመጪ!» አላት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ የምትበላው ግማሽ እንጀራ በሽሮ ብቻ ሆነ። በየሳምንቱ ፍጥነቷ ሲቀንስ እሱ «ገና ከባድ ነሽ» ይላታል። እኔም፣ ቤቱን በመጽሐፍ የሞላሁት ሰውዬ፣ «ጎበዝ፣ ጠንክሪ» እላታለሁ።

ሦስቱን ኪሎ ቀንሳ ለምርጫው ቀረበች፤ ከሁሉም ኋላ ገባች። «አባዬ፣ ትንፋሽ አላጠረኝም፤ እግሬ ነው እምቢ ያለኝ» አለችኝ። አሰልጣኙ አጠገባችን ቆሞ «ወኔ ይጎድላታል» አለ። ወኔ! ይህን ያለው ቁርሱን ፍርፍር በልቶ እጁን በሶፍት እየጠረገ ነው።

የምትሮጥ ልጅ ካለችህ አሰልጣኟ ያሻውን ይበል፤ አንተ አብላት።