የጭቃዋ ወረታና ሙታኗ

የፎገራን ዋልካ የማያውቅ ሰው ጭቃ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። የኛ ጭቃ ክረምት ላይ ጫማ ያስወልቃል፤ በጋ ላይ ደግሞ ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ለግድግዳ አይሆንም፤ ለመጫወቻ ከተማማ ጨርሶ አይሆንም። እኔ ግን ከተደበቅሁበት ጓዳ ወጥቼ ሌላ አፈር መፈለግ አልችልም ነበር። ስለዚህ እህቴ ከጓሮ በሳፋ የምታስገባልኝን ጥቁር አፈር ከሩዝ ገለባ ጋር እያቦካሁ፣ በተሰነጠቀ ቁጥር እየለሰንሁ፣ እየተሳደብሁም፣ ወረታን ሠራኋት።

የተደበቅሁት ከአፈሳ ነው። በደርግ ጊዜ፣ ለብሔራዊ ውትድርና የሚፈለገው ወጣት አልሞላ ሲል፣ የቀበሌ ሰዎች ገበያውን ከብበው ያገኙትን ይጭኑ ነበር። ጓደኞቼ በሙሉ በአንድ የገበያ ቀን ተጫኑ። እኔ የተረፍሁት በብልጠት አይደለም፤ ሆዴን ቆርጦኝ ቤት ስለዋልሁ ነው። እናትና አባታችን ካረፉ ቆይተዋል፤ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት፣ እታለም እላታለሁ። መንገድ ዳር ባለች ክፍሏ በስፌት መኪና ልብስ ትሰፋለች። ከኋላዋ ያለችውን ጓዳ በር በእህል ጆንያ ደርድራ ዘጋችና እኔን እዚያ ከተተችኝ። ለጎረቤቱ ሁሉ ሐሙሲት አጎቱ ዘንድ ሄዷል ብላ አስወራች።

መጀመሪያ መተኛቱ ደስ ብሎኝ ነበር። ብዙም አልቆየ፤ እግሬ እምቢ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስመላለስ እውላለሁ። ቁጭ እላለሁ፣ እነሳለሁ፣ በጆንያዎቹ መሃል አጮልቄ የአንድ ደንበኛ ቀሚስ ጫፍ አይቼ እመለሳለሁ። የጭነት መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ ጎንደር ነው ወይስ ወደ ደብረ ታቦር እያልሁ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። እታለም በምሳ ሰዓት ሱቋን ዘግታ ስትገባ ትቆጣኛለች።

«ኮቴህ እኮ ደንበኛ ፊት ይሰማል። ቅንቅን አለብህ እንዴ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«እጅህን አሠራው። እጅ ከሠራ እግር ያርፋል።»

አፈሩን ያስገባችልኝ በዚህ ምክንያት ነው። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች ከሚገናኙበት ጀመርሁ። ሱቆቹ የክብሪት ቀፎ ሆኑ፣ ቆርቆሮ ጣሪያው የሲጋራ ብር ወረቀት ሆነ። የመስጊዱን ሚናራ ባዶ የክር ማጠንጠኛ አድርጌ ተከልሁት። ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ከዘይት ጣሳ ቆርጬ እጄን ቆረጥሁ። የማላስታውሰውን እታለምን እጠይቃለሁ፤ ከሻይ ቤቱ እስከ ወፍጮ ቤቱ ስንት ደጃፍ አለ፣ የቀበሌው በር በየት በኩል ይከፈታል እያልሁ።

«ልብስ ስለካ መዋሌ አንሶ ከተማ ልለካልህ?» ትላለች። በማግስቱ ግን ለክታ ትመጣለች።

ከተማዋ አለቀች። አለቀችና ቆመች። ምንም የማይሆንባት ከተማ ከጓዳዬ በምን ትሻላለች? ሁለት ቀን ትክ ብዬ አይቻት ሦስተኛው ላይ ልደረምሳት እጄን አንስቼ ነበር። ያዳናት እናታችን ትነግረን የነበረ ወሬ ነው። ቡዳ የበላው ሰው ተቀብሮ አያርፍም ይባል ነበር። ቡዳው መቃብሩ ድረስ ሄዶ በስሙ ይጠራዋል፣ ሙቱም ይነሳል፣ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ባሪያው ሆኖ ውኃ ሲቀዳና እህል ሲፈጭ ይኖራል። ዓይኑ ተከፍቷል፣ ግን ወንድሙን እንኳ አይለይም። ይህ ወሬ በደጋጎቹ ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች ላይ ስንት ግፍ እንዳሠራ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን የታየኝ ሙቱ ብቻ ነበር። ሙታኑን ሁሉ አንድ ላይ ከመቃብር አስነስቼ ወረታ ላይ ለቀቅኋቸው።

ሕጉን ሁለታችን አወጣነው። ሕያዋኑ የእታለም፣ ሙታኑ የኔ። እሷ አራት የባቄላ ክክ ትወረውራለች፤ ጠፍጣፋ ጎኑ ወደ ላይ የሆነውን ቆጥራ ያን ያህል ጣት ሰዎቿን ታስኬዳለች። የኔ ሙታን ክክ አያሻቸውም። ሁልጊዜ አንድ ጣት ይራመዳሉ፤ አይሮጡም፣ አይደክማቸውም። የነኩት ሰው ፊቱ አመድ ተቀብቶ ወደኔ ይገባል። እታለም የምታሸንፈው ሰዎቿን ወንዛዬ ፍል ውኃ ካደረሰች ነው። ወንዛዬ ጥጉ ላይ በሲኒ የተቀመጠ ውኃ ነው፤ ሙት ጠበል አይሻገርም ብለናል።

በየምሳ ሰዓቱ እንጣላ ነበር።

«ይኸ ሰው መስጊድ ገብቶ በሩን ዘግቷል። ሙትህ በር ይሰብራል?»

«ይሰብራል።»

«ሞቶ ጉልበት ከየት አመጣ?»

ስትሸነፍ ክኮቹን ጠራርጋ ወጥ ውስጥ እጨምራቸዋለሁ ትላለች። በእነዚያ ወራት የሳቅሁት በእነዚያ ሰዓቶች ብቻ ነው፤ ሳቁም በእጅ ታፍኖ ነው። ሱቋ ተከፍቶ የስፌት መኪናው ሲንኳኳ ያ እረፍት ማጣቴ ተመልሶ ይይዘኛል፤ ያኔ ሰዎቹን ማሳመር ጀመርሁ። የሰው ፊት መሥራት አልችልም፤ አቋቋም ግን አልስትም። ለሕያዋኑ የሻይ ቤቷን ሴትዮ፣ ጨርቅ የሚሸጡትን ሼህ፣ ባለወፍጮውን ሠራሁ። ሙታኑ ላይ ስደርስ እጄ የታፈሱትን ጓደኞቼን ሠራ። ምንም ክፋት አላሰብሁም። ከሕያዋኑ ጋር እንዳላቆማቸው ወረታ ውስጥ የሉም፤ ከጨዋታው ላስቀራቸው ደግሞ አልፈለግሁም። ከሁሉ የተዋጣልኝ የንስሐ አባታችን ልጅ ነው፣ አንድ ትከሻው ከፍ ያለ፣ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚሄድ ዲያቆን። ወሬው ከጠፋ ቆይቶ ነበር።

ንስሐ አባታችን በየወሩ መባቻ ቤታችንን ጠበል ይረጫሉ። እታለም ጓዳው እህል ነው እያለች ከሱቁ ትመልሳቸው ነበር። በዚያ ወር ግን እምቢ አሉ።

«እህልስ ቢሆን ጠበል ይጠላል?» ሲሉ ሰማኋቸው።

ከዚያ ጆንያው ሲጎተት ሰማሁ። ንስሐ አባትን ካላመኑ ማንን ያምናሉ? አባ ጎንበስ ብለው ገቡና አዩኝ፤ እምብዛም አልገረማቸውም።

«ሐሙሲት ቅርብ ነው ለካ» አሉ። መስቀላቸውን ስሳለም ጭንቅላቴን ዳበሱኝ። ደስ አለኝ፤ ከእህቴ ሌላ የሰው እጅ ከነካኝ ወራት አልፎ ነበር።

ከዚያ ከተማዋን አዩና ሳቁ። ዘንጋቸውን ተደግፈው ቁጢጥ አሉና የደብራቸውን ጣሪያ፣ የራሳቸውን ቤት፣ በገዛ በራቸው ላይ ያለውን ዋንዛ ሳይቀር አገኙ። ጣታቸው መንገድ መንገዱን እየተከተለ መጥቶ ሙታኑ ጋ ቆመ።

«እነዚህስ? ምነው አመድ ነሰነስህባቸው?»

«ሙታን ናቸው፣ አባ። ጨዋታ ነው» አለች እታለም። ቃሉ ካፏ ሲወጣ ሁለታችንም ያቺን ከፍ ያለች ትከሻ አየናት። አባም አይተዋታል።

ነጠላቸውን ጨብጠው አፋቸው ውስጥ ወተፉት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ ግን አልወጣም። በዚያች ጓዳ አንዴ ቢጮሁ ኖሮ ሰፈሩ ሁሉ ግር ብሎ ይገባ ነበር፣ ልቅሶ ሰምቶ የሚቀር ሰው የለምና፤ ሲገባ የሚያገኘው እኔን ነው። ይህን አስበው እንደዋጡት ያን ጊዜም ገብቶኛል። ነጠላውን ካፋቸው ሲያወጡ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መቼ ሰማችሁ?»

«ኧረ ምንም አልሰማንም፣ አባ።»

ማልሁ። እታለምም ማለች። ግን መሐላ ምን ያደርጋል? በኛ አገር መርዶ እንዲህ በጠራራ ፀሐይ አይነገርም። የሰማ ሰው ይደብቃል፣ ቢጠይቁት ይክዳል፣ ቢያስምሉት ይምላል፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ባለቤቱ እህል ሳይቀምስና ከቤቱ ሳይወጣ እስኪረዳ ድረስ። አልሰማንም ማለት እኮ የሰሙ ሰዎች የሚሉት ነው። እኛ እውነቱን ስንናገር የምንናገርበት ሌላ ቃል አልነበረንም።

«እሽ ልጆቼ» አሉ አባ። ተነሱና ጠበሉን አራቱም ማዕዘን ላይ ረጩ፤ ከተማዋም ላይ ረጩ። ከዚያ ወጥተው ሄዱ።

ልቅሶ አልተቀመጡም። ከዚያ የከፋ ነገር አደረጉ። እታለም ኪዳን ልትሳለም በማለዳ ስታልፍ፣ አባ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ በራቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አየቻቸው። በማግስቱም እንዲሁ። መርዶ ነጋሪዎቹ ሲመጡ ሳይሰናዱ እንዳያገኟቸው ነበር የሚጠብቁት። ባለቤታቸው ምንም አያውቁም፤ አባ እንቅልፍ እምቢ አላቸው ብለው ለጎረቤት ያወራሉ። ፀሐይ ስትወጣ አባ ተነስተው ይገባሉ። እታለም አንድ ቀን ጠጋ ብላ በእመቤታችን ማለችላቸው።

«እሽ ልጄ፤ ጊዜው ሲደርስ ትነግሩኛላችሁ» አሏት።

ይህን ስትነግረኝ ያበድሁ መሰለኝ። ያን የጭቃ ልጅ አፍርሼ ከሕያዋኑ ጎን አድርጌ እንደገና ሠራሁት፤ ለማን ይጠቅማል? ከዚያ በኋላ ክክ አልወረወርንም። እኔ ስመላለስ እውላለሁ፣ እታለም በመሃል ከስፌቷ ተነስታ ግድግዳውን ትደበድባለች። አንድ ሽማግሌ በየማለዳው ያልሞተ ልጅ መርዶ እየጠበቁ፣ እኔ ደግሞ እዚህ ገለባ ሳቦካ ልኖር ነው? ልጁ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። አለማወቄን ግን አውቃለሁ፤ እሱን ቢያምኑኝ ይበቃኝ ነበር።

«ወጥቼ እነግራቸዋለሁ» አልኋት።

«እኔ የነገርኋቸው አነሰ?»

«አንቺ ሱቅ ውለሽ የምትገቢ ሰው ነሽ፤ ብትዋሺ የምታጪው ነገር የለም። እኔ መደበቂያዬን ትቼ ከወጣሁ ግን ያምኑኛል። ለውሸት ብሎ ማን ራሱን ያስይዛል?»

«አንተም ትታፈስና እኔ በተራዬ በር ላይ ልቀመጥ?» አለችኝ። አለቀሰች፣ እኔም አለቀስሁ፤ ሐሳቤን ግን አልለወጥሁም።

ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። አብዮት ጥበቃዎቹ የሌሊት ተራቸውን ጨርሰው የሚተኙት ያኔ ነው፣ መንገዱ ላይ ዝር የሚል የለም። ሰዓቱን የመረጥሁት ለዚህ ብቻ ነው። ጋቢዬን ከራሴ ላይ ተከናንቤ በግድግዳ ጥግ ጥግ ሄድሁ። ስንት ወር ሲያስቸግረኝ የኖረ እግር መንገድ ሲያገኝ መራመድ አቃተው። የሜዳው ንፋስ ጭድና ከብት ከብት ይሸታል። ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ይዘውኝ ልሮጥ ቃጣሁ፣ እንዳያስጠረጥረኝ ተውሁት።

አባ በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ገና ከሩቅ አዩኝ፤ ጎህ ሲቀድ፣ ተከናንቦ፣ በዝግታ ወደ በራቸው የሚመጣ ሰው። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ከበርጩማቸው ሲነሱ ነው።

«መጣህ?» አሉኝ።

«አባ፣ ኧረ እኔ ለዚያ አይደለም—»

አላስጨረሱኝም። ያን በነጠላቸው ወትፈው የዋጡትን ጩኸት ለቀቁት። ባለቤታቸው ከውስጥ እግራቸው በመራቸው ወጡ፤ እኔን አዩ፣ ባላቸውን አዩ፣ ሌላ የሚነግራቸው አላስፈለጋቸውም። በየቤቱ በር ተከፈተ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን እየመቱ መጡ። ጨርቅ ሻጩ ሼህ እንኳ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ከነመቁጠሪያቸው መጡ። እኔ በመሃላቸው ቆሜ አልሞተም፣ አልሞተም እያልሁ እጮሃለሁ። ልቅሶ ላይ ይህን የማይል የለም። ባለቤታቸው አንገቴን አንቀው፣ «እውነትህን ነው የኔ ልጅ፣ አልሞተም፣ እንደሱ ያለ ይሞታል?» እያሉ ያለቅሳሉ። ባልሁ ቁጥር ልቅሶው ይብሳል። በመጨረሻ እኔም ለማን እንደሆነ ሳላውቅ አለቀስሁ።

አንድ አብዮት ጥበቃም ልቅሶ ሰምቶ መጣ። ለየኝ። ከልቅሶ መሃል ሰው መጎተት ነውር ነውና ፀሐይ እስክትወጣ አጠገቤ ቆሞ አብሮ አለቀሰና ከዚያ ክንዴን ይዞ ወሰደኝ። ቀበሌው አባን የልጅዎን መሞት ማን ነገረዎ ብሎ ሁለት ጊዜ አስጠርቷቸዋል። ሕልም አየሁ ብለው ቀሩ።

በሳምንቱ ከሌሎች ጋር መንገዶቹ በሚገናኙበት ቦታ የወታደር መኪና ላይ ጫኑን። እታለም የሰፋችልኝን ኮት አቀብላኝ ጎማውን ተደግፋ ቆመች። መኪናው ሊነሳ ሲል አባ በሰው መሃል እየተጋፉ መጡ፤ ፊታቸው በልቅሶ አብጧል። ተንጠራርተው መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ከዚያ እንድጎነበስ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝና ጆሮዬ ላይ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ካገኘኸው፣ እናትህም እኔም ደኅና ነን በለው» አሉኝ።

እሽ አባ፣ እለዋለሁ አልኋቸው።