ጥርስ የሌላት ደም መጣጭ

አርባዎቹን ልትጨርስ የተቃረበች ሴት ምን እንደምታነብ ስትጠየቅ "መንፈሳዊ መጽሐፍ" ብትል ያምርባታል። እኔ የማነበው ስለ ቫምፓየር ነው። እዚህ ናይሮቢ፣ ጠዋት ከካሳራኒ በማታቱ ሚኒባስ ወደ ሥራ ስሄድ፣ ቲካ ሮድ እንደ ልማዱ ሲዘጋ፣ ስልኬን ደረቴ ላይ ለጥፌ የደም መጣጮችን ታሪክ አነባለሁ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው አንገቱን ሰገግ ካደረገ ስክሪኑን በመዳፌ እሸፍናለሁ። አንድ ቀን አንዲት የሀገሬ ሰው ከጎኔ ተቀምጣ፣ ፊደሉን ሳታይ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ብቻ አይታ፣ "ውዳሴ ማርያም ነው?" አለችኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ሰዓት አንዱ የአንዷን አንገት ይዞ ነበር።

ሁሉንም ቫምፓየር እወዳለሁ ማለት ግን አይደለም። ረጅም ካፖርት ለብሶ፣ ትልቅ መስኮት ላይ ቆሞ የሚያለቅሰውን ሀብታሙን ፈጽሞ አልወደውም። መልኩ ያማረ፣ ገንዘቡ የማያልቅ፣ ዕድሜው የማይገፋ፤ ታዲያ ምን ሆንኩ ብሎ ነው የሚነፋረቀው? ሩንዳ፣ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ ቪላ ተከራይቶ፣ ዘበኛ ቀጥሮ፣ መጋረጃውን ዘግቶ አርፎ አይቀመጥም? የቢሮ ባልደረቦቼ እሱን ነው የሚወዱት። ምሳ ላይ ስለ እሱ ሲያወሩ ሹካዬን አገላብጣለሁ። እኔም አያለሁ ማለት ያሳፍረኛል፤ አየሁ ካልኩ ደግሞ እንደማልወደው መናገሬ አይቀርም።

የኔዎቹ ሌሎች ናቸው። አንዷ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ያለች አዋላጅ ናት። የመንደሩን ሕፃን ሁሉ በእጇ ትቀበላለች፤ እጇን ታጥባ፣ ቤተሰቡ ማዕድ ሳይዘረጋ ሹልክ ብላ ትወጣለች። "አንቺ ሴትዮ አታረጂም እንዴ?" የሚል ሰው በተነሣ ማግስት ሻንጣዋን ይዛ ወደ ሌላ መንደር ትሄዳለች። ሌላው የአኒሜ፣ የጃፓኖቹ ካርቱን፣ ልጅ ነው፤ ፀሐይ ስለማይችል ዳቦ ቤት የሌሊት ተረኛ ሆኖ ተቀጥሯል። ቀምሶት የማያውቀውን ዳቦ ይጋግራል፣ የሚገዙትንም "ጣፈጠ?" እያለ ይጠይቃል። ሦስተኛው አንድ ልቦለድ ውስጥ ያለ ሽማግሌ ነው። "ግባ" ካልተባለ ደጃፍ ማለፍ አይችልም፤ ጎረቤቱ ደግሞ በየምሽቱ በሯ ላይ ቆማ ታወራዋለች እንጂ ግባ ማለቱ ትዝ አይላትም። ይሄኛውን ባነበብኩ ቁጥር እስቃለሁ። ወደ እኛ ሰው ቤት ቢመጣ ኖሮ ገና ደረጃው ላይ ሳለ "ግቡ፣ ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ" ተብሎ ጉርሻ ይቀበል ነበር። ሽሮው ውስጥ ያለው ነጭ ሽንኩርት ይገድለዋል እንጂ ጥሪው አያንሰውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ከልጄ ጋር ሶፋ ላይ ተጋድመን የማናየው የለም። ልጄ እዚሁ ናይሮቢ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ሥዕል ትሥላለች፤ የአኒሜ ነገር ከተነሣ ምግቧን ትረሳለች። ለእኔ ሥውር ኃጢአት የሆነው ነገር ለእሷ ትርፍ ጊዜ ነው።

"ማሚ፣ ኖቲስ አድርገሻል ግን?" አለችኝ አንድ ቀን። "አንቺ የምትወጃቸው ሁሉ ሎዘርስ ናቸው። ሁሉም ያፍራሉ።"

"ትሑት ስለሆኑ ነው" አልኳት።

"ኖ፣ ትሑት አይደሉም። ያፍራሉ።"

ውሃ ልቀዳ ብዬ ተነሣሁ። ውሃ ግን አልጠማኝም ነበር።

የኔ ሰዎች ባለ እጅ ናቸው። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፣ እናቴ ነፍሷን ይማረውና ሸክላ ትሠራ ነበር። የማረሻው ጫፍ ከአባቴ፣ ድስቱ ከእናቴ ያልሆነ ቤት በአካባቢው አልነበረም። ቢሆንም ቡዳ ነበርን። ሰው ሲያመው በሉት የምንባለው፣ ማታ ጅብ ሆነን እንሄዳለን የሚባለው፣ በሰርግ ላይ ለብቻ የምንቀመጠው እኛ ነን። አንድ ጊዜ የጎረቤት ልጅ ታማ እናቷ ወደ እኛ ቤት መጣች። ልትጠይቀን የመጣች መስሎኝ ደስ ብሎኝ አጠገቧ ቆምኩ። እያጫወተችኝ ከቀሚሴ ጠርዝ በምላጭ ቆርጣ ወሰደች፤ ለልጇ ልታጨስላት። እናቴ ማታ የተቆረጠውን ጠርዝ አየች፣ ምንም ሳትል መልሳ ሰፋችልኝ። እኔ ያን ቀን ያፈርኩት በሴትዮዋ አልነበረም፣ በእናቴ ነበር። ይሄን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አዲስ አበባ ለትምህርት ስገባ አባቴ በእኔ አፍ ገበሬ ሆነ። ናይሮቢ ስመጣም ገበሬ እንደሆነ ቀረ። በዚህ ከተማ በሀገሬ ሰው መሀል ወሬ የሚጀመረው "ከየት ነሽ? የማን ልጅ ነሽ?" ተብሎ ስለሆነ መልሱ ከአፌ ቶሎ ይወጣል። ቫምፓየር መውደዴን ከሰው የምደብቀውም ለዚህ ነው። ለደም መጣጭ የሚያዝን ሰው ምን እንደሆነ የሚታወቅበት ይመስለኛል። አውቃለሁ፣ ሞኝነት ነው።

ከላያችን ፎቅ የምትኖር ጓደኛ አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ካለ እሷ ጓደኛ የለኝም። ኢስሊ ገበያ ውስጥ የሀገር ልብስና በርበሬ ትሸጣለች፤ ሳቋ ከሦስተኛ ፎቅ ይሰማል። ስታመም ሾርባ ይዛ የምትወርደው፣ የመኖሪያ ፈቃድ ወረፋ ላይ አብራኝ የምትቆመው እሷ ናት። ስንት ዓመት ተስላ ዘንድሮ ሴት ልጅ አገኘች። ልጅቷ እንደ ተወለደች ልጄ ትምህርት ሲያልቅ በቀጥታ የምትሮጠው ወደ ላይ ሆነ፤ ታጥባታለች፣ ታስተኛታለች፣ በመቶ ዓይነት ትሥላታለች። ጓደኛዬ ይሄን አይታ፣ ሰማንያዋ ሲደርስ ክርስትና እናቷ ልጅሽ ትሁን አለችኝ። "አበልጅ ልንሆን ነው የኔ እህት! ከእንግዲህ ብትሸሺም አታመልጪኝም።" ልጄ በደስታ አለቀሰች። እዚህ ከተማ ከእኔ ሌላ ዘመድ የላትም፤ አያቷን እንኳ የምታውቀው በስልክ ነው። አሁን በእግዚአብሔር ፊት የእኔ የምትላት ልጅ ልታገኝ ነው። እኔም ደስ አለኝ። ግን ጓደኛዬ ሕፃኗን አቅፋ "እንትፍ እንትፍ፣ ቡዳ አይይብኝ" ባለች ቁጥር ዓይኔን ከሕፃኗ ላይ አነሣ ነበር።

ከክርስትናው በፊት ባለው ሳምንት ዌስትላንድስ አንድ የገበያ ማዕከል አዳራሽ ውስጥ የአኒሜ ወዳጆች ዝግጅት ነበራቸው። ወጣቶቹ የሚወዱትን ገጸ ባሕርይ ልብስ ለብሰው መድረክ ይወጣሉ። ልጄ ራሷ የፈጠረቻትን ቫምፓየር ሆና እንደምትወጣ ነገረችን፤ ማን እንደሆነች ግን "ሰርፕራይዝ ነው" አለች። ጓደኛዬ ሕፃኗን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ልታጨበጭብላት አብራኝ መጣች። ፊት ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ዙሪያችን ክንፍ ያለው፣ ቀንድ ያለው፣ ፀጉሩን ሰማያዊ የቀባው ልጅ ሁሉ ይተራመሳል፤ ጓደኛዬ ታማትብና ትስቃለች።

ልጄ ወጣች። ካፖርት የለ፣ ጥርስ የለ፣ ደም የለ። የሸክላ ቀለም ያለው ቀሚስ ለብሳ፣ ባዶ እግሯን፣ ዓይኖቿን በጨርቅ አስራለች። ማይኩን ይዛ በእንግሊዝኛ ተናገረች።

"ይቺ ቫምፓየር ጥርስ የላትም" አለች። "ከእናቴ ሀገር ናት። መንደሩ የሚበላበትን ድስት ሁሉ የሠራችው እሷ ናት። ድስቱን ይገዟታል፣ አብረዋት ግን አይበሉም። በዓይኗ ሰው ትበላለች ይላሉ። ማንንም በልታ አታውቅም። ርቧት እንደሆነ ግን የጠየቃት የለም።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ እጆቼን ማንሣት አቃተኝ።

"ቡዳ ነው እንዴ የምትለው?" አለች ጓደኛዬ እየሳቀች። "በስመ አብ! ይሄን ደግሞ ከየት አመጣችው?"

"ኢንተርኔት ላይ ምን የሌለ አለ" አልኩ።

"እነሱ ተረት መስሏቸው ነው እኮ። የኛዎቹን አያውቋቸው!"

"እውነትሽን ነው" አልኩ። እውነትሽን ነው አልኳት።

ልጄ ላብ በላብ ሆና ወረደች፤ የዓይኗን ጨርቅ ወደ ግንባሯ ገፍታዋለች። ጓደኛዬ ጉንጯን ሳመቻትና "ጎበዝ ልጄ! ግን ማን ነገረሽ ይሄን?" አለቻት።

"አያቴ ነዋ! በዋትሳፕ ስንት ሳምንት ሳወራው ነበር። ለማሚ ሰርፕራይዝ ነው።" ወደ እኔ ዞራ ሳቀች፤ እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። "አንቲ፣ አያቴ እኮ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ሴቷ አያቴ ሸክላ ነበር የምትሠራው። ሰዉ ቡዳ ይላቸው ነበር፣ ኢማጂን! ሪል ቫምፓየር ፋሚሊ ነን!"

ጓደኛዬ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። "አባትሽ ገበሬ ናቸው አላልሽኝም?"

የወለሉን ንጣፍ አየሁ። እፍረት ከእግር ጥፍር ጀምሮ እንደሚወጣ ያን ቀን አወቅሁ።

ልጄ እጆቿን ዘርግታ "ነይ የኔ እናት፣ ሚስ አድርጌሻለሁ" አለቻት ሕፃኗን። ጓደኛዬ ልጅቷን ወደ ደረቷ ዞር አደረገቻትና የብርድ ልብሱን ጫፍ ፊቷ ላይ ጣል አደረገችው።

"ተኝታለች" አለች።

"አልተኛችም እኮ አንቲ፣ እያየችኝ ነው።"

"ተኝታለች አልኩሽ ልጄ።"

በቁጣ አይደለም የተናገረችው፤ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር። እጇ ከእሷ ቀድሞ እንደሄደ አይቻለሁ፤ እሷም ባደረገችው የደነገጠች መሰለኝ። እሷ ቤት ባድግ የኔም እጅ እንዲያው ይሄድ ነበር። ስለዚህ በእሷ አልፈርድም። እኔ ግን አፌን ከፍቼ "ተያት፣ ትተኛ" አልኩ። ልጄ እጆቿን ሰበሰበች።

ከሁለት ቀን በኋላ ከጓደኛዬ በስልክ የድምፅ መልእክት መጣልኝ። የባሏ እህት ከአዲስ አበባ ልትመጣ መሆኑን፣ ክርስትና እናት እኔ ካልሆንኩ ብላ ማስቸገሯን፣ የዘመድ ነገር መሆኑን ነገረችኝና "እንዳትቀየሚኝ የኔ እህት" ብላ ጨረሰች። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። "ኧረ ምን ችግር አለው" ብዬ መለስኩላት፤ የአበባ ምልክትም አስከትዬ ላክሁ። ለልጄ ነገርኳት። ክፍሏ ገባች። ግድግዳዋ ላይ የለጠፈቻቸውን ሥዕሎች ስታነሣ የማጣበቂያው ድምፅ እስከ ሳሎን ይሰማኝ ነበር።

ትንሽ ቆይታ ጸጉሯን ጠቅልላ ወጣች።

"ወደ ላይ ልወጣ ነው" አለችኝ። "አንቲን ፖሌ ልላት ነው።"

"ምን አጠፋሽና ነው ይቅርታ የምትጠይቂው?"

"ውሸቴን ነው እላታለሁ። ታሪኩን ከኢንተርኔት ወስጄ፣ አያቴ ነገረኝ ያልኩት እንዲያምርልኝ ነው እላታለሁ። አንቺ ከእሷ ሌላ ጓደኛ የለሽም።"

ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ። አይሆንም፣ ነይ ተቀመጪ ማለት ነበረብኝ። እንዲህ ያለውን ውሸት እኔ ከሃያ ዓመት በላይ ስዋሸው ኖሬ፣ እሷ ለአንድ ቀን እንኳ እንዳትዋሸው ማድረግ ነበረብኝ። ያወጣሁት ቃል ቢኖር "አያትሽ ሌላ ምን አለሽ?" የሚል ብቻ ነበር።

ነጠላ ጫማዋን አደረገች። በሩን ይዛ ወደ እኔ ዞረች።

"'ለእናትሽ እንዳትነግሪያት' ብሎኝ ነበር። 'በእኛ ታፍራለች፤ ግድ የለም፣ እሷም ተቸግራ ነው' አለኝ።" ዓይኖቿ እንባ ሞሉ። "እኔ ግን አላመንኩትም። ማሚ በአንተ አታፍርም ብዬ ተከራከርኩት።"

በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ደረጃውን ወጣች።