አባቴ አሻንጉሊት አዝሎ የወጣ ዕለት

እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ከግቢ አልወጣም ብሎ ነበር። ዕድሜውን በአቃቂ ጨርቅ ፋብሪካ የጨረሰ፣ ሰፈሩን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቀረ። ስንለምነው "ቆዩ እስቲ" ይለናል።

በገና ዕለት ምሳ በልተን ቴሌቪዥን ከፈትን። እህቴ ጣቢያ ስትቀያይር አንድ የፈረንጅ አስፈሪ ፊልም ላይ ቆመች። ክፍል ሁለት ነው፤ የመጀመሪያውን አላየንም። በበዓል ሌሊት አሻንጉሊቶች ነፍስ ዘርተው የቤቱን ሰው ያሳድዳሉ። ገንዘብ እንዳጠራቸው ያስታውቃል፤ አሻንጉሊቱ ሲራመድ የሚጎትተው ክር ይታያል፣ ደሙም የቲማቲም ድልህ ይመስላል። እኔና እህቴ በሳቅ ሞትን።

ትንሿ ልጄ ግን አልሳቀችም። ጠዋት አክስቷ አሻንጉሊት ሰጥታት ነበር፤ ሆዷን ሲጫኗት የምታለቅስ። ወረወረቻትና ጮኸች።

"ትነክሰኛለች! አውጡልኝ!"

ቴሌቪዥኑን አጠፋን፤ አባበልናት፤ ወይ ፍንክች። ይሄኔ አባቴ ከተቀመጠበት ተነሥቶ አሻንጉሊቷን ከወለሉ አነሳት።

"እሷ ጥርስ የላት፣ እኔ ጥርስ የለኝ፤ በምን እንናከሳለን?"

ልጄ ከጀርባዬ ተደብቃ፣ "ስንተኛ እኮ ትነሣለች" አለችው።

"ቤት መዋል ሰልችቷት ይሆናላ። ነፋስ ትቀበል።"

እኔና እህቴ ተያየን። አባቴ ማንም ያልነካውን የእናቴን ነጠላ ከመስቀያው አወረደ፤ አሻንጉሊቷን በጀርባው አዘለና በነጠላው አስሮ በሩን ከፍቶ ወጣ። ልጄ ራቅ ብላ ተከተለችው፤ እኔም ጫማዬን አጥልቄ ከኋላ።

ጎረቤታችን ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። ሽማግሌ፣ አሻንጉሊት አዝሎ፣ ያውም በበዓል! አእምሮውን ሳተ ትላለች ብዬ ተሸማቀቅሁ። እሷ ግን እጇን ዘርግታ፣ "አባባ፣ እንኳን ማርያም ማረችዎት!" አለችው።

አባቴ ሳቀ። ያን ሳቁን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! "ማርያም ታኑርሽ፤ አራስ ጠያቂ ጠፍቶ ነው ራሴ የወጣሁት" አላት፤ ሁለቱም ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ወደ ቃሊቲ የሚወርድ ተሳቢ መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ልጄ ደንግጣ የአያቷን እጅ ያዘች፤ ከዚያ አልለቀቀችውም። እሱም መንገዱን አቋርጦ እናቴ ወደተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ይዟት ሄደ። በሩን ተሳለመ። ብዙ ቆመ። ልጄ ደግሞ በጣቷ ጫፍ የአሻንጉሊቷን እግር ትነካካ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ጠዋት ጠዋት ይወጣል። ጎረቤታችንን ባየኋት ቁጥር ግን ልቤ በምስጋና ይሞላል። ያን ቀን "ምን ነካዎት?" ብትለው ኖሮ ከደጃፏ ይመለስ ነበር። በኋላ ላመሰግናት ብሞክር፣ "ምን አደረግሁ? አራስ አይቼ ዝም ልበል?" ብላ ገፋ አደረገችኝ።