ጓድ ይመርና ጡሩምባው

ባለፈው ሰሞን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንጀምር ሾፌሩ ሬዲዮ ከፈተና ዘፋኝ የሌለው ሙዚቃ መጣ፤ ጡሩምባው ብቻውን እየተጎተተ ይናገራል፣ ከበሮው ከኋላ ሆኖ ቀስ እያለ እሺ እሺ ይለዋል። ከፊቴ የተቀመጠ ጎረምሳ «ጃዝ ይባላል አባባ» አለኝ፣ የማላውቀው መስሎት። እኔ ግን ሳላስበው ዞሬ የመኪናውን በር አይቼ ነበር። ስድሳን ያለፍሁ ሰው ነኝ፣ ከማንም የምደብቀው ነገር የለኝም፤ ያም ሆኖ ያን ጡሩምባ በሰማሁ ቁጥር ዓይኔ በር ይፈልጋል።

በደርግ ጊዜ ቤታችን ደሴ አረብ ገንዳ ነበር። ከፊት የአባቴ የጨርቅ ሱቅ፣ ከኋላ ደግሞ ፍራሽ የተነጠፈባት፣ አዲስ አቡጀዲና የደሴ ጉም ያረጠበው ግድግዳ አንድ ላይ የሚሸቱባት ጠባብ ክፍል። አባቴ ሰይድ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሱቁን ይዘጋና እዚያች ክፍል ዱዓ ይያዛል፣ ጫት ይቀርባል። ዱዓውን የሚመሩት ሼህ አሊ የሚባሉ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው፤ ከጎናቸው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ኑሩ አለ፣ ምላሱ ከመቀሱ የሚፈጥን። እኔ የሃያ ዓመት ወጣት ነበርሁ፣ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ትቼ ሱቅ የገባሁ። አንድ እግሬ ከልጅነቴ ጀምሮ የታመመ ስለሆነ ብሔራዊ ውትድርና አልፈለገኝም። የፈለገው ታናሼን ሙሔን ነው፤ ዕቃ ሊያመጣ ኮምቦልቻ ወርዶ፣ በዚያው ከመኪና አውርደው ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ ሰሜን ነው ከማለት በቀር ወሬ የለም።

የመንግሥት ሬዲዮ ሁልጊዜ ድል ነው የሚያወራው። የጫካው፣ የአማፅያኑ ሬዲዮ ግን ከዜናው በኋላ የማረካቸውን ወታደሮች ስም ከነአገራቸው ያነባል። የተማረከ ማለት በሕይወት ያለ ማለት ነው። አባቴ ከጫቱም፣ ከጨዋታውም ያን ንባብ ነበር የሚጠብቀው፤ እናቴም ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጣ እሱኑ። የሙሔ ሙሉ ስም መሐመድ ሰይድ ነው፤ በአገራችን ደግሞ መሐመድ ሰይድ የሚባል ሰው ብዛቱን አላህ ነው የሚያውቀው፤ ስለዚህ ስሙ ቢጠራ እንኳ የአያቱ ስምና አገሩ እስኪነገር ድረስ ትንፋሽ ሳያሰሙ መስማት ያስፈልጋል።

ያን ጣቢያ ሲሰማ የተገኘ ሰው ምን እንደሚገጥመው ሁሉም ያውቃል። እንግዲህ የአላህ ነገር፣ ከጣቢያው ጥግ፣ የሬዲዮአችንን ቁልፍ ትንሽ ነካ ሲያደርጉት፣ ከየት አገር እንደሚመጣ የማናውቀው ያ ጡሩምባ ነበር። በር ሲንኳኳ እኔ ነኝ የምከፍተው፤ እግሬ እየተጎተተች በሩ ጋ እስክትደርስ አባቴ ቁልፉን ነካ ያደርገዋል፣ የገባው ሰውም እኛን ጡሩምባ ስንሰማ ያገኘናል።

ሼህ አሊ ጡሩምባውን አላመኑትም። «ቃል የለውም እኮ» ይላሉ። «ሰው ይህን ያህል ሰዓት ጮሆ አንድ ቃል የማይወጣው ምን ቢደብቅ ነው?»

«ምናልባት እሱም የቀበሌውን ፈርቶ ይሆናላ፣ ሼኻችን» ይላል ኑሩ።

አንድ ቀን በሩ ተንኳኳና ብከፍት ጓድ ይመር። የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ካኪው ትከሻው ላይ የተሰቀለ የሚመስል ሰው። ወደ ውስጥ ዘልቆ «እንዴት ዋላችሁ፣ ቤቶች» አለ። ዱዓ ከተያዘበት ቤት ሰው አይመለስም፤ ማንም ይሁን ማን ይጠጋጉለታል። ተጠጋጋንለትና ሬዲዮው አጠገብ ተቀመጠ፣ የቀረው ቦታ እሱ ብቻ ስለነበር።

«ምንድነው የሚለው?» አለ ጆሮውን ቀስሮ።

«ደስ ነው የሚለው» አለ ኑሩ።

ደስ ያለው ሰው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ እኛ የምናውቀው በመንዙማ ነው፤ መሪው ይላል፣ ጀመዓው እያጨበጨበ ይቀበላል፣ ዝም ብሎ የሚቀመጥ የለም። ስለዚህ አባቴ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ኑሩ ቀጠለ፣ ሼህ አሊም ፊታቸውን እንዳጨፈገጉ ይወዛወዙ ጀመር። ጡሩምባው ግን መንዙማ አይደለም፤ ይቆማል ስንል ይሄዳል፣ ይሄዳል ስንል ጥሎን ይሰወራል፣ ጭብጨባችን ሜዳ ላይ ይቀራል።

ጓድ ይመር እያንዳንዳችንን ተራ በተራ አየን። «አታውቁትም እንዴ ዘፈኑን?»

«እኛስ እናውቀዋለን ጓድ» አለ ኑሩ፣ «እሱ ነው እኛን የማያውቀን።»

ጓድ ይመር አልሳቀም። በማግስቱ የራሱን ጫት ይዞ መጣ። ከዚያም ወዲያ መምጣቱን አልተወም፤ ያንኑ ቦታ ይይዛል፣ ብዙ አይናገርም፣ ዓይኑን ከሬዲዮው አይነቅልም። እኛ ስለ ዝናብ እናወራለን፣ ስለ በርበሬ እናወራለን፣ ሲደክመን እናጨበጭባለን። ሳንወድ በግድ ጡሩምባውን ለመድነው፤ ኑሩ ሱቁ ሆኖ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ በዚያው ዜማ ይረግጥና «ሱሪው ተንሻፈፈብኝ፣ ይኼ ጡሩምባ ነፊ ነው» ብሎ ያማርራል። ጭብጨባውንም በመጨረሻ አገኘነው፣ ጡሩምባው ከሚጮህበት ላይ ሳይሆን ዝም ከሚልበት ላይ ነው።

ስሞቹ ግን በየቀኑ ይነበባሉ፣ እኛ አንሰማም። እናቴ ጡሩምባው በነፋ ቁጥር አንድ ስም የበላ ይመስላት ነበር። ቤታችንም መጠራጠር ገባው። ማን ነገረብን? አባቴ ኑሩን ጎን ጎኑን ያየው ጀመር፣ የቀበሌውን ካኪ የሚሰፋው እሱ ነዋ። ኑሩም ገብቶት ቀልዱን ቀነሰ። ሼህ አሊ ዱዓውን ሲያደርጉ «ከሚሰማን ጠብቀን» የምትል ቃል ጨመሩ፤ ጓድ ይመርም ከሁሉ ቀድሞ «አሚን» አለ።

አንድ ቀን ታዲያ ጉሙ ደጁን የደፈነ ጊዜ፣ ጓድ ይመር ሳይጠየቅ እጁን ወደ ሬዲዮው ዘረጋ። ቁልፉን ነካ አደረገ፣ ሳይፈልግ፣ ሳይሳሳት፣ ቦታውን እንደሚያውቅ ሰው። ጡሩምባው ጠፋና ስም የሚያነበው ድምፅ መጣ። ጓድ ይመር ቀና ብሎ አላየንም። «ትንሽ እንስማ» አለ በለሆሳስ። «ማንም የለም፣ እኛው ነን።»

ኑሩ ጫቱን ጉንጩ ውስጥ እንደያዘ ቀረ። ሰውዬው ያነባል፤ የወልዲያ ልጅ፣ የሐርቡ ልጅ፣ አንድ መሐመድ መጣና የአባቱ ስም ሌላ ሆነ። የእናቴ ጥላ መጋረጃው ላይ ተጠግቶ ታየኝ። ይኼኔ አባቴ እጁን ሰድዶ ቁልፉን መለሰው።

«እኛ እንዲህ ያለ ነገር አንሰማም፣ ጓድ» አለ። «የኛ ጡሩምባው ነው። ወላሂ፣ እኛ ጡሩምባው ነው የምንወደው።»

ጓድ ይመር አባቴን ትክ ብሎ አየው። ቁጣ አልነበረበትም፤ ለመናደድም የደከመ ሰው ነው የሚመስል። «እንግዲያው አፉ በሉኝ» ብሎ ተነሣና ጫቱን ሳያነሣ ወጣ። ሁለተኛ አልመጣም።

እናቴ መጋረጃውን ገለጠች። «ሰይድ፣ ያ ድምፅ ደርሶልን ሳለ መለስኸው?»

«ወጥመድ ነው» አለ አባቴ። «ብሰማ ኖሮ ነገ የቀረው ልጅሽም አባት አይኖረውም ነበር።» ሬዲዮውን ያን ዕለት ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት፤ ከወራት በኋላ ሲያወጣው ባትሪው አልቆ፣ ንባቡም ሰዓቱን ቀይሮ ነበር። በነዚያ ወራት መሐል የሐርቡ አንድ ደንበኛችን «መሐመድ ሰይድ የሚባል የደሴ ልጅ ስሙ ሲጠራ ሰማሁ» አለን። የአያቱን ስም ብንጠይቀው አላስተዋለውም።

ደርግ ሊወድቅ ሲል እናቴ ወፍጮ ቤት ከይመር ሚስት ጋር ተራ ስትጠብቅ ወሬው ወጣ። የጓድ ይመር የበኩር ልጅ፣ እንደ ሙሔ ሁሉ፣ በዚያው ሰሞን ከደጋን ከተማ ታፍሶ ኖሯል። ቤታቸው ሬዲዮ አልነበረም፤ ቢኖርም የቀበሌ ሰው የትኛውን ጎረቤት አምኖ ይከፍተዋል? ኑሩ ይህን ሲሰማ «ልጅ ያለውም ሰው ወጥመድ ያጠምዳል» አለ፣ እስኪሞትም ቃሉን አልለወጠም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ነገሩን እያገላበጥሁት አለሁ፤ አንዳንድ ቀን ኑሩ ልክ ይመስለኛል፣ አብዛኛውን ቀን ግን ያ የተዘረጋ እጅ ይታየኛል።

ጦሩ ሲበተን ስንቱ በእግሩ በደሴ በኩል አለፈ፤ ሙሔ አልመጣም፣ የይመርም ልጅ አልመጣም። ይመር ጥቂት ታስሮ ተፈታ። ከዚያ በኋላ አንድ ጁምዓ እግሩ የደከመውን አባቴን ደግፌ ከመስጊድ ስንመለስ መንገድ ላይ ተገናኙ። ካኪው የለም፣ ፀጉሩ ነጭቷል። ወሎዬ ሰላምታው ረጅም ነው፤ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ቆሙ።

«ደህና ሰነበቱ ጋሽ ሰይድ?»

«አልሐምዱሊላህ። አንተስ? ቤቱ ደህና?»

«ደህና ነው። እግርዎስ? ሱቁስ?»

«ይመስገን። ሰፈሩስ? ዝናቡ እናንተጋ ጣለ?»

ጎረቤቱን፣ አዝመራውን፣ የሞቱትን ሼህ አሊን ሳይቀር ተጠያየቁ። ሰላምታው አለቀ፣ እጃቸው ግን አልተላቀቀም፤ ሁለቱም የቀረች አንዲት ጥያቄ እንዳለች ያውቃሉ፣ ሁለቱም ሌላው እንዲጠይቅ ይጠብቃሉ። ከዚያ አባቴ «በል ደህና ሁን» አለው፣ ይመርም «ደህና ይሁኑ» አለ፣ ስለ ልጆቹ ሳይጠያየቁ ተለያዩ።