ውሃ የጠጣችው ፒካፕ

ያን ቀን ጠዋት መኪናዬን ውሃ አጠጣኋት። ራዲያተሯን ማለቴ አይደለም፤ የቤንዚን ታንኳን ነው። አሶሳ ውስጥ ቤንዚን አንዳንዴ ስለሚጠፋ፣ ባገኘሁ ቁጥር በቢጫ የዘይት ጀሪካን አስቀምጣለሁ። የመጠጥ ውሃችንም በዚያው ዓይነት ጀሪካን ነው የሚቀመጠው። ሁለቱን በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ያኖራቸው ጠቢብ እኔው ነኝ። ስቀዳ እንዳላሸት ደግሞ ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

የጎረቤቴን ማንጎ ላደርስላት ቃል ገብቼ ነበር፤ ስምንት ሳጥን፣ የወቅቱ የመጨረሻ ለቀማ። የአዲስ አበባው አይሱዙ ሦስት ሰዓት ላይ ይነሳል። ካመለጣት ማንጎው በማግስቱ ይላሽቃል፤ ድካሟ ሁሉ የፍየል ቀለብ ይሆናል።

አንድ ሰዓት ላይ ጭነን ስንነሳ ፒካፗን ከግቢው በር ሳትወጣ ሁለቴ አሳላትና ቀጥ አለች። ቁልፉን ሳዞር ማስነሻው ሞተሪኖ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም።

«ባትሪው ደህና ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። አርባ ዓመት የመንግሥት ሾፌር የነበረ ሰው ብልሽት በዝምታ አይፈልግም። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትቼ አየሁ፤ ርሷል። «ቤንዚንም ደርሷል።» እንግዲህ የቀረው እሳቱ ነው ብዬ ሽቦውን ሁሉ በታተንኩት።

«ሾፌር፣ ባጃጅ ልጥራ?» አለች ጎረቤቴ። አፏን የፈታችው በበርታ ቋንቋ ስለሆነ አማርኛዋ አጭርና ቀጥ ያለ ነው።

«እኔ እያለሁ ባጃጅ?»

«ማንጎ ኩራት አያውቅም።»

የማንጎ ሙጫ የያዘውን እጇን ልትታጠብ ወደ በረንዳው ሄደች። ከጀሪካኑ አፈሰሰች፣ እጇን አሸተተች፣ ወደ እኔ ዞረች።

«ወላሂ፣ ይሄ ውሃ አይደለም። መኪና ምን ጠጣ?»

ሽቦዬን ጨብጬ ቆምኩ። እሷ ሳጥኑ ላይ ተቀምጣ እስኪበቃት ሳቀች፤ ከዚያ ልብሷን ሰብስባ ባልዲ ከታንኩ ስር ያዘችልኝ። ታንኩን አጠብን፣ ካርቡራተሩን ነፋሁ፣ ካንዴላዎቹን አደረቅሁ። ብዙ ጊዜ የወሰደው ያለ ጥፋቱ የፈታሁትን ሽቦ መመለስ ነበር። ቤንዚን ጨምረን በሦስተኛው ተነሳች።

አይሱዙው ሸራ ሲታሰርበት ደረስን። ሾፌሩ ድሮ ረዳቴ የነበረ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎንም መኪና እምቢ ይልዎታል?»

አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «ፓምፕ ተበላሽቶ ነው» አለች፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ።

ይህች ሴት ያደረ ማንጎ እንኳ ያደረ ነው ብላ ነው የምትሸጠው። የዚያች ውሸት ዕዳ እስካሁን አለብኝ። በዓይነቱ እንዳልመልስላት፣ እኔ ስዋሽ የሚያምነኝ የለም።