ጋራዥ ውስጥ የማትጠፋው መኪና

ቬርና የመኪና ብልሽት በዓይኗ ሳታይ ዕቃ አትቀይርም። ግትር ናት። ሰው እየለቀቃት ባለችው ዱብኖ በምትባል መንደር፣ ከአባቷ በወረሰችው ጋራዥ የመኪና ኤሌክትሪክ ስትሠራ ጸጉሯ ሸብቷል። «ገምቶ የሚቀይር ነጋዴ ነው፤ እኔ ሠራተኛ ነኝ» ትላለች። አባባሏስ ደግ ነበር፤ በዚያ የበረዶ ወራት ግን ለማን ጠቀመ?

ጋሼ ኦሬስት የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤቷ፣ ሚስታቸውን እትዬ ስቴፍካን ለኩላሊት እጥበት ሳስካቱን ከተማ ያመላልሳሉ። መኪናቸው መንገድ ላይ ድርግም ትላለች፤ ሞተሩ፣ መብራቱ፣ ማሞቂያው፣ ሁሉም አንድ ላይ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ከተማ ያለችው ልጃቸው ላሪሳ ቁርጡን ነገረቻቸው፦ መኪናዋ አንዴ ከደገመች ቤቱን ዘግተው እሷ ዘንድ ይገባሉ። እትዬ ስቴፍካ አለቀሱ። ከተወለዱባት መንደር በሬሳ ሣጥን ካልሆነ አልወጣም ሲሉ የኖሩ ሴት ናቸው።

«ቬርና ልጄ፣ እባክሽ አድኚን» አሉ ጋሼ ኦሬስት፣ አንዲት ቁልፍ እያቀበሏት።

«ይቺ መኪና እኔን ስታይ ሥርዓት ትይዛለች። እርስዎን ነው የናቀችው» ብላ ቀለደችባቸው።

«ሚስቴም ትንቀኛለች፣ አልገረመኝም።»

ባትሪውን፣ ፊውዞቹን፣ ገመዱን አንድ በአንድ ፈተሸች። የማስነሻ ቁልፉ የሚሰካበት ማብሪያ ላይ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር ብታስገባ፣ የገባው ኃይል ሳይጎድል ይወጣል። ሞተሩን አስነስታ ሽቦዎቹን ነቀነቀች፤ መሪውን በጡጫ ደበደበች። እስከ መንደሩ እህል ጎተራ ድረስ ነድታት ተመለሰች። ወይ ፍንክች፣ አልጠፋችም!

«ጋሼ፣ ምንም የለባትም» ብላ መለሰችላቸው። ከልቧ ነበር ያለችው።

በዚያው ሳምንት ከእጥበት ሲመለሱ መኪናዋ ሜዳ ላይ ድርግም ብላ ጠፋች። ንፋሱ በረዶውን እያነሳ መንገዱን ደፍኖታል። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ደርሶ ባያነሳቸው ኖሮ እዚያው ነበር የሚቀሩት። የእትዬ ስቴፍካ ጣቶች በብርድ ጠቁረው ተገኙ።

በማግስቱ ቬርና ጋሼ ኦሬስትን ይዛ መኪናዋን ልታመጣ ሄደች። መኪናዋ ጋ ሲደርሱ ሽማግሌው ከካፖርታቸው ጥቅል ጎመን የሚያህል የቁልፍ ዘለላ አወጡ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«የጎረቤት ቁልፍ ነዋ! የማርሲያ ቤት፣ የሶሮካዎቹ፣ የቤተ ክርስቲያኑ። መንደሩን ለቀው ሲሄዱ 'ቧንቧው በብርድ እንዳይፈነዳ እያየህልን' ብለው ሰጡኝ።»

«መኪናዋን ለኔ ሲሰጡኝ የት ነበር?»

«የሰው አደራ አይደል እንዴ! ለጋራዥ ይሰጣል? የመኪናዋን ብቻ ፈትቼ ነዋ የማመጣልሽ።»

ቬርና ዘለላውን እንዳለ ተቀብላ ቁልፉን ሰካች፣ አስነሳች፣ መንገዱ ወደተቦረቦረበት ነዳች። ዘለላው ተወዛወዘ። አንዱን ጉድጓድ ሲዘሉ ድርግም! በመዳፏ ደግፋ ከፍ ስታደርገው መብራቱ መጣ፤ ስትለቀው ጠፋ። ያ ሁሉ ክብደት ዘመኑን ሙሉ ሲጎትተው ማብሪያው ውስጡ ተበልቷል።

«እኔ ደንቆሮ!» አለች መሪውን እየመታች። «በራስዎ የቁልፍ ዘለላ፣ እርስዎን አጠገቤ አስቀምጬ ብነዳት ምን ነበረበት!»

«ቁልፎቹ ናቸው?» አሉ ጋሼ ኦሬስት ቀስ ብለው።

ቬርና ማብሪያውን ቀይራ ስትጨርስ እየበረረች ወሰደችላቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! የላሪሳ መኪና በራቸው ላይ ቆሟል። እትዬ ስቴፍካ ጣታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ውስጡ ተቀምጠዋል።

«አገኘሁት! ከእንግዲህ አትጠፋም» አለች ቬርና።

«አሁን አገኘሽው የኔ ልጅ?» አሉ እትዬ ስቴፍካ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

ጋሼ ኦሬስት ቤታቸውን ቆለፉ። የቤታቸውን ቁልፍ ዘለላው ላይ ጨመሩና ሁሉንም ለቬርና አስጨበጧት።

«ቧንቧው እንዳይፈነዳ እያየሽልን» አሉ።

«እኔስ ስሄድ ለማን ልስጠው ጋሼ?»

ጋሼ ኦሬስት መኪናቸው ውስጥ ገብተው በአንዲት ቁልፍ ሲያስነሷት ባንዴ ተነሳች፤ የላሪሳን መኪና ተከትለውም ወጡ። ቬርና ዘለላውን እንደያዘች መንገዱ ላይ ቆማ፣ የሠራቻት መኪና መንገድ ላይ እንድትጠፋ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመኘች። አልጠፋችም።