ምሳ ዕቃውን የሚቆልፈው ሰውዬ

የክሊኒኩን የታካሚ ፋይል የሚያኖር ዳታቤዝ ሊጭን የመጣው ሰውዬ፣ ከቦርሳው አልፎ ምሳ ዕቃውን እንኳ በጓጉንቸር ይቆልፋል። ስልኩን ሲከፍት በመዳፉ ይጋርዳል፤ ግድግዳ ጆሮ ካለው ዓይን አይጠፋውም ብሎ ነው መሰል። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ታየዋለች።

ፕሮግራሙ ፋይሎቹን ማን መክፈት እንደሚችል ሲጠይቀው ግን፣ ዓይኑን ሳያሽ «ሁሉም ሰው» የሚለውን ጠቅ አደረገ።

«ሁሉም? ዘበኛውም?» አለችው።

«ዘበኛውም። አለዚያ ነገ አልሠራም አለ ብላችሁ ታስጠሩኛላችሁ፣ እህቴ።»

ቦርሳውን ቆልፎ ተነሣ።

«ይሁን» አለች። «ባለፈው ወር ኮፍያህን እስከ ቅንድብህ ደፍተህ ያወጣኸው ካርድም እዚያው ውስጥ ነው።»

ሰውዬው በሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። የቦርሳውን ጓጉንቸር እየከፈተ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለመሆኑ ዘበኛችሁ ማንበብ ይችላል?»